ፎረፎር ያለበት ራስ ወዛም ሆኖ ለምን ይደርቃል? ቅቤ ይቀባ ወይስ ይቅር?

ሹሩባ_ቤት_አራዳ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር አራዳ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። የምጠይቀው ስለ ተራ ፎረፎር ሳይሆን፣ ሐኪም አይቶ «ሰቦሪክ ደርማታይተስ» ብሎ ስለ ጻፈበት ራስ ነው። ፀጉሩን ከፈል አድርጌ ሳየው ሥሩ ላይ ያለው ቅርፊት ቢጫ ነው፤ ሲነኩት እጅ ላይ ይቀራል፣ ማበጠሪያው ጥርስ ላይ እንደ ሰም ይለጠፋል። እንዲህ ወዝ እያለው ግን ባለቤቱ «ደርቆብኛል፣ ወጥሮኛል» ነው የሚለው። ትሪትመንት ሲነካው ያቃጥለዋል፣ ካስክ ውስጥ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ያቅተዋል።

ግራ የገባኝ ይኸው ነው። ወዝ ካለው ለምን ደረቀ? ከደረቀስ ቅቤ ለምን አያረጥበውም? እናቶች «ለጋ ቅቤ ጣል አድርጊበት» ይላሉ፤ ቅቤ በተቀባ በሳምንቱ ግን ቅርፊቱ ወፍሮ ይመጣል። በሐኪም የሚታዘዘው ኬቶኮናዞል 2% ሻምፖ ደግሞ ቅርፊቱን በሁለት ሳምንት ያነሣዋል። ከዚያ ራሱ እንደ ብራና ይወጠርና ማቃጠል ይጀምራል፣ ሰውየው ሻምፖውን ይተዋል፣ ወር ሳይሞላ ተመልሶ እዚያው። ቆዳውን የሚጎዳው ሻምፖው ነው ወይስ አጠቃቀሙ? ሹሩባ ሳይፈታስ ማከም ይቻላል? ውሃ በፈረቃ መሆኑንም አስቡልኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጀሪካን ነው የምናጥበው።

ፋርማሲስት_ማራኪ

እህቴ፣ ከጠየቅሽው ሁሉ ዋናው «ወዝ ካለው ለምን ደረቀ» የሚለው ነው። እሱ ከተፈታ ሌላው ይከተላል።

ራስ ላይ ሁለት የተለያዩ ቅባቶች አሉ፤ ሰው እንደ አንድ ስለሚያያቸው ነው የሚምታታው። የፋሲልን ግንብ ግድግዳ ቀረብ ብለሽ ካየሽው ድንጋዩን ከድንጋይ የያዘው ኖራ ነው። የቆዳ የላይኛው ሽፋንም እንደዚያ ነው። ድንጋዮቹ ጠፍጣፋ የሞቱ ሴሎች ሲሆኑ፣ ኖራው ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ነፃ ፋቲ አሲድ የሚባሉ ሦስት ቅባቶች ናቸው፤ በክብደት ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ ነው። ይህን ኖራ የሚሠሩት ሴሎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከሥር ወደ ላይ እየወጡ ሲበስሉ በመሐላቸው ያፈሱታል። የውስጡ ውሃ ተንኖ እንዳይወጣ ይይዛል፣ የውጭው ነገር እንዳይገባ ይከለክላል።

ወዙ ግን ከፀጉሩ ሥር ካለ ዕጢ ወጥቶ ግድግዳው ላይ የሚፈስ ሌላ ነገር ነው። የተሰነጠቀ ግንብ ላይ ዘይት ቢፈስበት ስንጥቁ አይደፈንም። ስለዚህ ራስ በወዝ እየረሰረሰ ኖራው ሊያልቅበት ይችላል። ፎረፎርና ሰቦሪክ ደርማታይተስ ያለበት ራስ ሲመረመር የሚገኘውም ይኸው ነው፤ ሴራማይዱ ቀንሶ፣ በቆዳው በኩል የሚተነው ውሃ ጨምሮ ይገኛል። ደንበኛሽ «ደረቀብኝ» ሲል ስሜቱ አላታለለውም።

አፍራሹ ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። ራስ ላይ በብዛት የሚኖሩት ሬስትሪክታና ግሎቦሳ የተባሉት ዓይነቶች ናቸው። ጤነኛው ራስ ላይም አሉ፤ በማበጠሪያ ተላለፈብኝ የሚባል በሽታ አይደለም። ይህ ፈንገስ ፋቲ አሲድን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከሰው ወዝ መቀማት አለበት። ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም ይረጫል፤ ኢንዛይሙ የወዙን ትራይግሊሰራይድ፣ ማለትም ሦስት ፋቲ አሲድ የተያያዘበትን ቅባት፣ ይሰነጥቃል፤ ፈንገሱ የሚስማሙትን ሳቹሬትድ ፋቲ አሲዶች በልቶ የቀረውን ይተዋል። ከተተወው ውስጥ አስቸጋሪው ኦሌይክ አሲድ ነው፤ ኖራው ውስጥ ሰርጎ ያላላዋል። ለፎረፎር የተጋለጠ ሰው ራስ ላይ ኦሌይክ አሲድ ለብቻው ቢቀባ እንኳ ቅርፊት ያስነሣል፤ ያልተጋለጠው ላይ ግን ምንም አያደርግም። ሁለት እህትማማች ከአንድ ቅል ቅቤ ተቀብተው አንዷ ስትላጥ ሌላዋ ደህና የምትሆነው በዚህ ነው።

ኖራው ሲላላ ቆዳው ይቆጣል፤ ሴሎቹን በጥድፊያ ወደ ላይ ይልካል። በወጉ አንድ ሴል ከሥር ተነሥቶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። እዚህ ላይ ግን ሳይበስል፣ ኒውክለሱን (የሴሉን አስኳል) ሳይጥል ነው ላይ የሚደርሰው። ያልበሰለ ሴል ከጎረቤቱ አይላቀቅም፤ ለዓይን በማይታይ ብናኝ መርገፍ ሲገባው ተጣብቆ በቁራጭ ይነሣል። ማበጠሪያሽ ላይ እንደ ሰም የሚለጠፈው ይህ ነው፤ ያልበሰሉ ሴሎች በወዝ ተለውሰው። የተቆጣው ቆዳ ሂስታሚን ስለሚበዛበት ይበላል፤ ሰውየው በጥፍሩ ያከዋል፤ ጥፍሩ የተረፈውን ኖራ ይፍቃል።

እንግዲህ ቅቤ። ቅቤ ማለት ትራይግሊሰራይድ ነው፤ ከፋቲ አሲዶቹ ብዙውን የሚይዙት ፓልሚቲክና ኦሌይክ ናቸው። ለፈንገሱ የተዘጋጀ ማዕድ በይው። ላቦራቶሪ ውስጥ እንኳ ማላሴዚያን ለማሳደግ ምግቡ ላይ የወይራ ዘይት ይጨመርለታል፤ ያለ ቅባት አይነሣም። ቅቤ ጤነኛ ራስ ላይ ነውር የለውም፤ ፀጉሩን ያለሰልሳል፣ እንዳይሰባበር ይይዛል። ቅርፊት የያዘ ቆዳ ላይ ግን አይነካ። ለጥምቀት ቅቤ ካልተቀባሁ የምትል ደንበኛ ካለችሽ ከጆሮ በታች ባለው የፀጉር ዘለላ ላይ ብቻ አድርጊላት።

የቆዳ_ክፍል_ባለሙያ

ከላይ የተጻፈው ልክ ነው። እኔ ስለ አጠቃቀሙና ሳይለዩ ስለሚታከሙት ልጨምር።

በመጀመሪያ ሁሉም ቅርፊት ሰቦሪክ አይደለም። ልጅ ላይ ፀጉሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ ከቀረ፣ ወይም ክብ ሆኖ ከመለጠ ቆረቆር ነው። ቆረቆር ይተላለፋል፤ በሻምፖ ብቻ አይድንም፣ ግሪሲዮፉልቪን እንክብል ለሳምንታት ይፈልጋል። ወፍራም፣ ብርማ ነጭ፣ ድንበሩ የተሰመረ ቅርፊት ከፀጉሩ መስመር ወጥቶ ግንባር ላይ ከወረደ፣ ክርንና ጉልበት ላይም ካለ ሶርያሲስ ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ሰቦሪክ ቅንድብ ውስጥ፣ በአፍንጫ ጎንና ከጆሮ ጀርባ ጓደኛ አለው፤ እዚያም እዪ። በኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው በፀጉሩ መስመር ዳር ነጣ ያለ፣ አንዳንዴ ቅስት የሚመስል ምልክት ነው። ሰው ቋቁቻ ነው ይላል። ቋቁቻም ከዚሁ ከማላሴዚያ የሚመጣ ቢሆንም ደረትና ጀርባ ላይ ነው የሚያዘወትረው፤ የሕክምናው አሰጣጥም ይለያል።

አንድ ነገር ግን ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ፎረፎር የማያውቅ ጎልማሳ በድንገት ራሱንም ፊቱንም በከባዱ ከያዘው፣ በሕክምናም ካልበረደለት፣ የኤችአይቪ ምርመራ ያድርግ። ይህ ብዙ ሰው ላይ የምርመራው በር ሆኖ ያውቃል። ፀጉር ቤት ሆነሽ ይህን መናገር ከባድ ነው፤ «ሆስፒታል የቆዳና አባላዘር ክፍል ታየው» ማለት ግን ይበቃል፣ የቀረውን እኛ እንጨርሳለን።

አሁን ሻምፖው። ኬቶኮናዞል 2% በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ2 እስከ 4 ሳምንት ነው። ከዚያ አይቆምም፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይቀጥላል። «ወር ሳይሞላ ተመልሶ እዚያው» ያልሽው እዚህ ላይ ነው የሚፈጠረው። ፈንገሱ የቆዳው ነዋሪ ስለሆነ ይቀንሳል እንጂ አይነቀልም፤ ወዝ እስካለ ተመልሶ ይበዛል። ቅርፊቱ ደግሞ ከኖራው ቀድሞ ነው የሚጠፋው። በሁለተኛው ሳምንት ራሱ ንጹሕ መስሎ ይታያል፣ ግድግዳው ግን ገና እየተጠገነ ነው። ሰው ያን ጊዜ ያቆምና ባልደረቀ ጭቃ ላይ ዝናብ ይወርድበታል።

ማቃጠሉ በአብዛኛው ከኬቶኮናዞሉ አይደለም። ምክንያቶቹን በማገኛቸው ብዛት ቅደም ተከተል ልጥቀስ። በየቀኑ መታጠብ፤ ቶሎ ይድናል ብለው ያደርጉታል፣ የሻምፖው አረፋ ያለውን ኖራ ጠርጎ ይወስደዋል። የፈላ ውሃ። ደንበኛው መጥቶ ከመታጠቡ በፊት ቅርፊቱን በጥፍር ወይም በማበጠሪያ መፋቅ፤ የተፋቀ ቦታ ላይ ውሃም ያቃጥላል። በሚገባ አለማለቅለቅ። በመድኃኒቱ መሐል ባሉት ቀናት በልብስ ሳሙና መታጠብም አለ፤ የራስ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5.5 አካባቢ ሲሆን የሳሙና 9 እና 10 ነው። ኖራውን የሚሠሩት ኢንዛይሞች አሲዳማ ቦታ ነው የሚፈልጉት፤ ሳሙና ሲነካቸው ሥራ ያቆማሉ። ከሁሉ የተለየው አለርጂ ነው፤ ጆሮና የዓይን ቆብ አብጦ ከመጣ፣ ከራሱ ውሃ ከወረደ ሻምፖውም ቀለሙም ሁሉ ይቁምና ይታይ።

ማሳከኩ እንቅልፍ ከከለከለ ቤታሜታዞን ቫለሬት 0.1% የራስ ፈሳሽ ማታ ማታ ጥቂት ጠብታ፣ ከሁለት ሳምንት ሳይበልጥ፣ ሐኪም አይቶ ይታዘዛል። ፊት ላይ አይደረግም። እባካችሁ ክሎቤታሶል የሚባለውን ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ወር ሁለት ወር መቀባትን ተዉት። መጀመሪያ ተአምር ይመስላል፤ ቆዳውን ግን ያሳሳዋል፣ ያቆሙት ቀን ከበፊቱ ብሶ ይነሣል። የኬቶኮናዞል እንክብልም ለፎረፎር አይዋጥም። ጉበት ስለሚጎዳ በ2013 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲታገድ መክሯል፣ አሜሪካም በዚያው ዓመት አጠቃቀሙን አጥብባለች። ሻምፖው ግን ወደ ደም የሚገባው ኢምንት ስለሆነ በዚህ አይጠረጠርም።

ሹሩባ_ቤት_አራዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ ሎሚና እንዶድ፤ «ፈንገስ ይገድላል» እየተባለ በየሰፈሩ ይደረጋል። ሁለተኛ ሹሩባው ሳይፈታ የሚታጠብበት ዘዴ። ሦስተኛ ቅቤ ከቀረ ለተወጠረው ቆዳ ምን ይቀባ? ባዶውን አይተውም መቼም፤ በጋ ላይ የጎንደር አየርና ፀሐይ ያው ታውቁታላችሁ።

ፀጉር_አሠልጣኝ_አዘዞ

የሹሩባውን ለኔ ተዉት። ከዚያ በፊት ግን ያልተሠራ ፀጉር እንዴት እንደሚታጠብ ልንገርሽ፤ ብዙው ስህተት እዚያ ነው ያለው።

ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ በደረቁ አይነካም። ከመድኃኒት ቤት ፈሳሽ ፓራፊን ግዢ፤ ያው ለሆድ ድርቀት የሚሸጠው ነው። ፀጉሩን በመስመር በመስመር እየከፈልሽ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ፣ ቆዳው ላይ አድርጊና በሻሽ ሸፍኚው። አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ድርብርብ ቅርፊት ካለ ሌሊቱን ይደርበት። ቅርፊቱ ጠጥቶ ሲያብጥ በጣት ሆድ ስታሺው ራሱ ይነሣል። የማይነሣውን ተዪው፣ በሚቀጥለው ይነሣል።

ሲታጠብ መጀመሪያ በለስላሳ ተራ ሻምፖ ፓራፊኑን አውጪ። ይህን የሚዘሉ አሉ፤ መድኃኒቱ ዘይት ላይ ተንሳፎ ቆዳውን ሳይነካ በውሃ ይሄዳል፣ ከዚያ «ሻምፖው አይሠራም» ይባላል። ፓራፊኑ ከወጣ በኋላ ኬቶኮናዞሉን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ውሰጂ፤ ፀጉሩ ለብዙ ቢወፍርም ከዚህ አትብለጪ፣ መድኃኒቱ ለቆዳው እንጂ ለዘለላው አይደለም። ራሱን ከአራት እስከ ስድስት ቦታ ክፈይና እያንዳንዱ መስመር ላይ አድርሺ። በጣት ሆድ አሺ፣ በጥፍር አይደለም። ከዚያ ስልክሽ ላይ አምስት ደቂቃ ሙዪ። የአብዛኛው ሰው ጥፋት ይህ ነው፤ አረፋው ሲነሣ ያለቀ ይመስለውና በግማሽ ደቂቃ ያለቀልቀዋል። መድኃኒቱ ከቆዳው ላይ የሚይዝበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ውሃው ለብ ያለ፣ አንጓ ላይ ሲፈስ ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይሰማ ይሁን። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ካለሽ ለአንድ ሰው ግማሹ ይበቃል፤ 2 ሊትር ማርጠቢያ፣ 3 ሊትር ለመጀመሪያው ሻምፖ፣ 5 ሊትር ለመጨረሻው። ውሃ ካነሰሽ ከመጀመሪያው ቀንሺ እንጂ ከመጨረሻው አትቀንሺ። ቆዳው በጣት ሲነካ ማሙለጭለጩ እስኪቀር አለቅልቂ። ኮንዲሽነር ከጆሮ በታች ላለው ፀጉር ብቻ። ፎጣው ተጫን ተጫን ይደረግ፣ አይፈተግ። በእርጥቡ ሻሽ አይታሠር፣ ሹሩባም አይሠራ። ካስኩም በዝቅተኛው ሙቀት ይሁን።

ወደ ሹሩባው ስንመጣ፣ ሻምፖውን ከእኩል መጠን ውሃ ጋር በጥብጪ፤ መርፌ በሌለው 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቅጂና በሹሩባው መስመሮች መሐል ከፊት ወደ ኋላ እየሳብሽ በእያንዳንዱ መስመር 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር አፍስሺ። በጣት ጫፍ መስመሩን ተከትለሽ ጫን ጫን አድርጊ፤ ማዞር የለም፣ ሹሩባው ይነሣል። አምስት ደቂቃው አይቀርም። ለማለቅለቅ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን በጋለ መርፌ አራት አምስት ቦታ በስተሽ እየጨመቅሽ መስመር በመስመር አጥቢ፤ ውሃም ይቆጥባል፣ ሥሩም ይደርሳል። ከዚያ ማድረቁ ላይ አትቸኩዪ። በተለይ ሰው ሠራሽ ፀጉር የገባበት ሹሩባ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ እርጥበት፣ ሙቀትና ወዝ ሲገናኙ ፈንገሱ ይደሰታል።

ሹሩባው ከሦስት ሳምንት በላይ አይቆይ። ቆዳው ሲያብጥ፣ ውሃ ሲያወጣ ወይም ሲቆስል ግን ሹሩባ ጭራሽ አይሠራ፤ መጎተቱ የተሰነጠቀውን ይከፍተዋል። ሪላክሰርም (ፀጉር የሚያለሰልሰው ኬሚካል) ያው ነው፤ ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፣ ኖራው የፈረሰ ቆዳ ላይ ሲወርድ ቃጠሎ ነው የሚሆነው። ቆዳው ለሁለት ሳምንት ያህል ከቅርፊትና ከቁስል ንጹሕ ሆኖ ካልቆየ አልሠራም በይ። ደንበኛ ቢቀየምም ይቀየም።

ፋርማሲስት_ማራኪ

ስለ እንዶድ። እንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባል ተፈጥሯዊ ሳሙና ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የደረሱበት ነገር ይታወቃል፤ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር ያገኟቸው። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ትልቅ ነገር ነው። ሳፖኒን ቀንድ አውጣውን የሚገድለው የሴሉን ቅባታማ ግድግዳ አፍርሶ ነው፤ የቆዳሽን ቅባትም አይለይም። ዓይን ውስጥ ከገባም በጣም ያቃጥላል። ለነጠላና ለጋቢ ይሁን።

ሎሚ የሳሙና ተቃራኒ ነው፤ ፒኤቹ 2 ገደማ። «ቆዳ አሲዳማ ነው ተብሏል» የሚል ይኖራል፤ 5.5 እና 2 ግን ቁጥራቸው ይቀራረብ እንጂ ኃይላቸው ከሺህ እጥፍ በላይ ይለያያል። በዚያ ላይ የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ጠቁሮም ለሳምንታት ይቆያል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥርን ፀሐይ በሎሚ ግንባር ይዞ መውጣት አይመከርም። እሬትም ቢሆን ቢጫው መራራ ፈሳሽ ቆዳ ያስቆጣል። ተልባ አይጎዳም፤ ፀጉሩን ይይዛል እንጂ ቆዳውን አያክምም። ቀቅለሽ ያጠለልሽውን ግን አታሳድሪው።

ባዶውን አይተውም ያልሽው ትክክል ነው። ለተወጠረ ራስ የሚሆነው ፈንገሱ ሊበላው የማይችል ቅባት ነው። ማላሴዚያ የሚጠቀመው ከ11 እስከ 24 ካርቦን ሰንሰለት ያላቸውን ፋቲ አሲዶች ነው። ፈሳሽ ፓራፊንና ቫዝሊን ፋቲ አሲድ የላቸውም፤ ስኳሌንም እንደዚሁ። የወይራ ዘይት፣ የኑግ፣ የሱፍ፣ የአቮካዶ፣ የቅቤ ፋቲ አሲዶች ግን በአብዛኛው በዚህ ርዝመት ውስጥ ናቸው። የኮኮናት ዘይትን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ግማሽ ያህሉ 12 ካርቦን ያለው ሎሪክ አሲድ ስለሆነ ለዚህ ራስ አልመርጠውም። «የሕፃናት ዘይት» የሚለውንም ጀርባውን ሳታነቢ አትግዢ፤ አንዳንዱ ንጹሕ ፓራፊን ነው፣ አንዳንዱ የአትክልት ዘይት የተቀላቀለበት።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ከታጠበ በኋላ ቆዳው ገና እርጥበት ሳይለቀው አራት አምስት ጠብታ ፓራፊን በጣት ጫፍ፣ መስመር በመስመር። ወዙ የበዛበት ራስ ላይ ፓራፊን ይከብዳል፤ ለሱ ግሊሰሪን ይሻላል። ግሊሰሪን ግን ሳይቀጠን አይቀባ፤ ሲወፍር ውሃውን ከቆዳው ራሱ ነው የሚስበው፣ ያጣብቃልም። አንድ ማንኪያ ግሊሰሪን በዘጠኝ ማንኪያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በንጹሕ ጠርሙስ፤ ሦስት ቀን ካለፈው ደፍተሽ አዲስ በጥብጪ። ቅባቱ ስንጥቁን አይደፍንም፤ ኖራውን የሚሠራው ሴሉ ብቻ ነው። ሴሉ እስኪሠራ ድረስ ግን ውሃው እንዳይተን ክዳን ይሆነዋል።

ኬቶኮናዞል ያልተስማማው ሰው ዚንክ ፒሪታዮን 1% ወይም ሴሊኒየም ሰልፋይድ መሞከር ይችላል። ሴሊኒየም የተቀባ ወይም የነጣ ፀጉርን ቀለም ይለውጣል፣ የብር ጌጥም ያጠቁራል፤ ሃብልና የጆሮ ጌጥ ይወልቅ። ዚንክ ፒሪታዮን ደግሞ ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት መዋቢያዎች ውስጥ ተከልክሏል፤ ከዚያ የሚመጣ የፎረፎር ሻምፖ አሁን በብዛት ፒሮክቶን ኦላሚን የሚባል ሌላ ፀረ ፈንገስ ነው ያለበት። ጠርሙሱ ስላልተቀየረ መድኃኒቱ ያው ነው ብለሽ አትውሰጂ።

እናት_ከቀበሌ_18

ይቅርታ በመሐል ልግባ። የሁለት ወር ሕፃን እርግብግቢቱ ላይ ቢጫ ቅርፊት ተጋግሯል። ቅቤ ጣል ማድረግ ባህላችን ነው፤ እዚህ የጻፋችሁትን ሳነብ እጄን ሰበሰብኩ። ኬቶኮናዞሉ ለሱም ነው?

የቆዳ_ክፍል_ባለሙያ

እጅሽን መሰብሰብሽ ጥሩ ነው። ያው በሽታ ነው፣ በሕፃን ሲሆን ግን ቀላል ነው፤ ከእናት በተላለፈ ሆርሞን የወዝ ዕጢዎቹ ለጊዜው ስለሚነቁ ነው የሚመጣው፣ በወራት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። በኬቶኮናዞል አትጀምሪ።

ቫዝሊን ወይም ፈሳሽ ፓራፊን ስስ አድርገሽ ቀቢው፤ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። በለብታ ውሃና በሕፃን ሻምፖ እጠቢው፤ ከዚያ በጣም ለስላሳ በሆነ የሕፃን ብሩሽ ወይም በጨርቅ አለስልሰሽ አንሺ። እርግብግቢቱን መንካት ያስፈራል፤ ቀስ ብሎ መታጠብ ግን አይጎዳውም፣ ፈርተው ስለሚዘሉት ነው ቅርፊቱ እዚያ የሚጋገረው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ይበቃል። በጥፍር ልጠሽ አታንሺ፤ ከሥሩ ደም ካወጣ ይመረቅዛል። ከራሱ ወርዶ አንገቱ እጥፋት፣ ብብቱና ዳይፐር የሚታሠርበት ቦታ ላይ ከደረሰ፣ ከጸዳ በኋላም ከቀጠለ፣ ወይም ሕፃኑ ክብደት አልጨምር ካለና ተቅማጥ ከበዛበት፣ ይዘሽው ነይ።

ሹሩባ_ቤት_አራዳ

ሲሪንጁንና ፓራፊኑን ገዛሁ። አንድ ብቻ፦ መድኃኒቱ የሚታጠብበት ቀን ከሹሩባ ሥራው ቀን ስንት ቀን ይራቅ?

ፀጉር_አሠልጣኝ_አዘዞ

ማታ ታጥቦ ካደረ፣ ከሥሩ ደርቆ ካየሽው፣ በማግስቱ ሥሪ። ስትሠሪ ግንባርና ጆሮ ዙሪያ ያለውን አላልተሽ ያዢ፤ ሥሩ ላይ ትንንሽ ቡግር የመሰለ ካበጠ ጠብቋልና ያኔውኑ ፍቺው።